የድሮ ሳውንድ ካርድ ላይ ምን ቢቀየር ድምፁ ይሻላል?

የአንባቢያን ጥያቄና የቴክኒሻን መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በ1970ዎቹ ቴፕ ይዘው የማይሄዱበት ቤት አልነበረም። መንዙማውን፣ የዘመድ ሠርጉን፣ የአያቴን ተረትና ጨዋታ እየቀዱ አንድ ሣጥን ሙሉ ካሴት ትተውልናል። ይህንን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ጀምሬአለሁ። ኮምፒውተሩ ፔንቲየም 4 ሲሆን ሳውንድ ብላስተር ኦዲጂ 2 ዜድ ኤስ ካርድ አለው። የገለበጥኩት ድምፅ ግን ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። በሄድፎን ስሰማው ደግሞ የድቤው ጉምጉምታ ጭራሽ የለም። የልጄ ጓደኛ «ካርዱ ላይ ያሉትን ኦፕ አምፖች (ድምፁን የሚያጎሉትን ትንንሽ ቺፖች) ነቅለው ኤል ኤም 4562 የሚባለውን ቢያስገቡበት አዲስ ካርድ ይሆናል» ብሎኛል። ልቀይር ወይ? ካፓሲተሮቹስ? እጄ ሶልደር ያውቃል፤ ለብዙ ዓመት የራሴን ሬዲዮ ስጠግን ኖሬአለሁ።

መልስ፦ መምህር፣ የአያትዎ ድምፅ ያለበት ካሴት ሌላ ቅጂ የለውም። ካርዱ ቢቃጠል ምናለሽ ተራ ፈልጎ ሌላ ማግኘት ይቻላል። ስለዚህ ስመልስልዎ ከካርዱ ይልቅ ለካሴቶቹ እየሳሳሁ ነው።

የጻፉልኝ ሁለት ችግር ነው፤ ሁለቱም ከተለያየ ቦታ ይመጣሉ። ቀጭኑ ድምፅ የሚጠፋው ቴፑ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ወፍራሙ የሚጠፋው ካርዱ መውጫ ላይ ነው። ኦፕ አምፑ በአንደኛው ጨርሶ የለበትም፤ በሁለተኛውም ድርሻው ትንሽ ነው።

ከታፈነው እንጀምር። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው። በዚህ ዝግታ ላይ የቴፑ ሄድ፣ ማለትም ጥብጣቡን የሚያነበው ክፍል፣ ከጥብጣቡ ጋር ልክ በቀጥታ ካልገጠመ፣ በትንሹም ቢሆን ካዘነበለ፣ ቀጭኑ ድምፅ እርስ በርሱ ተጣፍቶ ይቀራል። አባትዎ የቀዱበት ቴፕና አሁን የሚያጫውቱበት ቴፕ አንድ ካልሆኑ ደግሞ የሁለቱ ሄድ ዘንበል መለያየቱ የማይቀር ነው። ከሄዱ ጎን ስፕሪንግ የለበሰች ትንሽ ብሎን አለች። መጀመሪያ የነበረችበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ድምፁን ሞኖ አድርገው ካሴቱ እየሄደ በቀጭን ካቻቪቴ በጣም በዝግታ ያዙሯት። የንግግሩ «ሰ» እና «ጸ» ጥርት ብሎ የሚወጣበት ነጥብ አለ፤ እዚያ ላይ ያቁሙ። ይህንን ለእያንዳንዱ ካሴት እንደገና ማድረግ ያስፈልጋል። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን የትኛውም ቺፕ የማይሰጥዎትን ለውጥ የሚሰጥ ሥራ ይህ ነው።

ከዚያም በፊት ሄዱንና ጥብጣቡን የሚጎትተውን የጎማ ጥቅልል በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ ይጥረጉ። ቴፑ የዶልቢ (የጥብጣቡን ሽሽታ የሚቀንስ ዘዴ) ማብሪያ ካለው መጥፋቱን ያረጋግጡ። ያለ ዶልቢ የተቀዳ ካሴት ዶልቢ በርቶ ሲጫወት ልክ እርስዎ እንዳሉት ታፍኖ ይሰማል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። ተራ ካሴት ያለ ዶልቢ በድምፁና በራሱ ሹክሹክታ መካከል ያለው ርቀት ቢበዛ ከ50 እስከ 55 ዴሲቤል አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የእርስዎ ካርድ አምራቹ የሰጠው ቁጥር 108 ዴሲቤል ነው። ካርዱ አርጅቶ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ጫጫታ ተበክሎ ከዚያ ላይ ሃያ ቢቀነስበት እንኳ ከካሴቱ እጅግ ይበልጣል። የሽሽታ ድምፅ ከሰሙ የጥብጣቡ እንጂ የካርዱ አይደለም፤ ኤል ኤም 4562 ቢያስገቡም ያው ይሰማል።

ካርዱ ላይ ያለ ምንም ወጪ የሚስተካከሉ ነገሮች ግን አሉ። ቴፑን የሚሰኩት ላይን ኢን በሚባለው የካርዱ መግቢያ ላይ ይሁን፤ ማይክ ላይ ከሆነ ድምፁ ይጨናነቃል። በሚክሰሩ (በኮምፒውተሩ የድምፅ መቆጣጠሪያ) ውስጥ ማይክን፣ ሲዲንና ሌሎች የማይጠቀሙባቸውን መግቢያዎች በሙሉ ይዝጉ፤ እያንዳንዱ ክፍት መግቢያ የራሱን ጫጫታ ይጨምራል። መቅጃውን 48,000 ኸርዝ ላይ ያድርጉት። ይህ የካርድ ቤተሰብ ውስጡ የሚሠራው በ48,000 ስለሆነ 44,100 ከመረጡ ካርዱ መልሶ ያሰላዋል። ከፍተኛው ድምፅ ከ−6 ዴሲቤል እንዳያልፍ ያድርጉ፤ በሠርግ ካሴት ላይ እልልታው ድንገት ይመጣል፤ ዲጂታል ላይ አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ አይመለስም። ካርዱንም ከግራፊክስ ካርዱ በተቻለ መጠን የራቀ ማስገቢያ ላይ ይሰኩት።

ቀጥሎ ድቤው። የዚያ ዘመን ካርዶች አብዛኞቹ መውጫቸው ላይ ካፓሲተር አላቸው። ሥራው ቀጥታ ቮልቴጁን ማገድና ድምፁን ብቻ ማሳለፍ ነው። የካፓሲተሩ መጠንና የሚሰካበት ነገር በኦም የሚለካው መቋቋም ተጣምረው ወፍራሙ ድምፅ ከየት ጀምሮ እንደሚቆረጥ ይወስናሉ፤ ሒሳቡ 1ን ለ2 ፓይ፣ ለኦሙና ለፋራዱ ብዜት ማካፈል ነው። 100 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ላይ 32 ኦም ሄድፎን ሲሰኩ መቁረጫው 50 ኸርዝ አካባቢ ይሆናል፤ እዚያ ነጥብ ላይ ድምፁ በ3 ዴሲቤል ወርዷል፣ ከዚያ በታች እየመነመነ ይሄዳል። 470 ማይክሮ ፋራድ ቢሆን መቁረጫው ወደ 11 ኸርዝ ይወርዳል። በአንጻሩ መግቢያው 10 ኪሎ ኦም የሆነ አምፕሊፋየር ሲሰኩበት 10 ማይክሮ ፋራድ እንኳ ይበቃል፤ መቁረጫው 1.6 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ምንም ሳይነቅሉ መውጫውን ወደ አምፕሊፋየርዎ ወስደው ያዳምጡ። ድቤው ከተመለሰ ጥፋቱ ሄድፎንን ለሄድፎን ባልተሠራ መውጫ ላይ መሰካቱ ነበር።

አምፕሊፋየር ላይም ካልተመለሰ ያኔ ካፓሲተሩ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ መቀየርም የሚገባው ያኔ ነው። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ውስጡ ፈሳሽ አለው፤ በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃል። 105 ዲግሪ፣ 2000 ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ይሆናል የሚለው የሙያው መለኪያ ነው። የእርስዎ ካርድ ግን ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኦፕ አምፕ በአንጻሩ ካልተቃጠለ በቀር በዕድሜ ብዙም የሚጎዳ ዕቃ አይደለም። የድሮ ካርድ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው ከካፓሲተር ይጀምር የምለው ለዚህ ነው። የካርዱን ብቻ ሳይሆን የማዘርቦርዱንም ይመልከቱ። በፔንቲየም 4 ዘመን የተመረቱ ብዙ ማዘርቦርዶች መጥፎ ካፓሲተር ደርሷቸው ነበር። በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያሉት አናታቸው ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ከሆነ፣ ካርዱ የሚያገኘው ኃይል ራሱ ቆሻሻ ነው።

ለመቀየር ከወሰኑ፦ ቮልቱ ከነበረው የማያንስ፣ 105 ዲግሪ የሆነ፣ ለኃይል መስመሩ ውስጣዊ መቋቋሙ ዝቅተኛ የሆነ ዓይነት ይምረጡ። ኒቺኮን፣ ፓናሶኒክ ወይም ሩቢኮን ከታመነ ሻጭ ይበቃል። «ለድምፅ ብቻ የተሠራ» ተብሎ በወርቃማ ቀለም እጥፍ ዋጋ የሚጠየቅበትን እኔ ለእንዲህ ያለ ካርድ አልመክርም፤ በገንዘቡ የቴፑን ቀበቶ ይቀይሩበት። በጣሳ መልክ ቦርዱ ላይ የተለጠፉት ካፓሲተሮች አናታቸው ላይ ያለው ጥቁር ምልክት ኔጋቲቩን ነው የሚያሳየው። ሲነቅሉ በፒንሳ አይጠምዝዙ፤ ከሥሩ ያለው ቀጭን መዳብ አብሮ ይላጣል፤ ከተላጠ በኋላ መጠገኑ ከሬዲዮ ጋር አይወዳደርም። ሁለት መበየጃ በሁለቱም እግር ላይ እኩል አሳርፈው ሲቀልጥ በወረንጦ ያንሱት። ከእርሳስ ነጻ የሆነው ሶልደር በአውሮፓ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2006 ስለሆነ የ2003 ካርድ ላይ ምናልባት የሚያገኙት በ183 ዲግሪ የሚቀልጠውን የድሮውን ነው፤ ይህ ለእጅ ይመቻል።

ኦፕ አምፑን አልረሳሁትም። ካፓሲተሩ ከተስተካከለ በኋላ በዚያ ካርድ ሙዚቃ ለማዳመጥ ከፈለጉ መቀየሩ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። መጀመሪያ ግን ካርዱ ተሰክቶ እያለ የቺፑን የኃይል እግሮች፣ 4ኛውንና 8ኛውን፣ ከግራውንድ አንጻር በመልቲሜትር ይለኩ። ኤን ኢ 5532 የሚባለው ኦፕ አምፕ በደንብ ለመሥራት ቢያንስ +5 እና −5 ቮልት ይፈልጋል። ኤል ኤም 4562 እና ኦፒኤ 2134 የሚባለው ሌላ ኦፕ አምፕ በ+2.5 እና −2.5 ይሠራሉ። የከረንት ፍጆታውንም ያስቡ። 4558 የሚባለው የተለመደ የድሮ ኦፕ አምፕ ሦስት ሚሊአምፔር አካባቢ ሲወስድ፣ 5532 ስምንት፣ 4562 ደግሞ አሥር ይወስዳል። ካርዱ የሚሰካበት የፒሲአይ ማስገቢያ በ−12 ቮልት መስመሩ የሚሰጠው ቢበዛ 100 ሚሊአምፔር ነው። ካርዱ ላይ ያሉትን ቺፖች ሁሉ በአንዴ ከቀየሩ ድምሩን አስቀድመው ያስሉ።

4562 ፈጣን ቺፕ ነው፤ 55 ሜጋ ኸርዝ ድረስ ይሄዳል፤ 4558 ግን 3 አካባቢ ላይ ያበቃል። ለ4558 በተሠራ ቦርድ ላይ ፈጣን ቺፕ ሲገባ በጆሮ በማይሰማ ድግግሞሽ ሊርገበገብ ይችላል። ምልክቱ ቺፑ ያለ ምክንያት መጋሉ ነው። በ4ኛውና በ8ኛው እግር አጠገብ፣ በተቻለ መጠን ተጠግተው፣ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ሴራሚክ ወደ ግራውንድ ቢያስገቡ አብዛኛውን ጊዜ ይረጋጋል። በሄድፎን ማዳመጥ ግድ ከሆነብዎ ደግሞ ከ4562 ይልቅ እግሩ ተመሳሳይ የሆነው፣ እስከ 70 ሚሊአምፔር መስጠት የሚችለው ኤን ጄ ኤም 4556 ይሻላል። ስሙን የሚያነሳለት የለም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ሥራው ግን ይኸው ነው።

ከመንቀልዎ በፊትም ከገጠሙ በኋላም አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ሁለት ጫፉ ወንድ የሆነ የ3.5 ሚሊ ሜትር ገመድ ከካርዱ መውጫ ወደ ላይን ኢን አገናኝተው ራይትማርክ ኦዲዮ አናላይዘር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይለኩት፤ ውጤቱንም ያስቀምጡ። ጆሮ የደከመበትን ሥራ ማሞገስ ይወዳል።

ሣጥኑን ግን ለካርዱ ብለው አያቆዩት። ቴፑን ዛሬ ያጽዱ፣ ሄዱን ያስተካክሉ፣ የአያትዎን ካሴት በዚሁ ካርድ አሁኑኑ ይቅዱ። ፋይሉንም ሁለት ቦታ ያስቀምጡት። ጥብጣቡ በየዓመቱ እየባሰበት ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ተማሪ ነኝ። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ አሱስ ዞናር ኤሰንስ ኤስ ቲ ኤክስ የሚባል ካርድ ሰጠኝ። ኦፕ አምፖቹ ሶኬት ላይ ስለሆኑ ያለ ሶልደር ይቀየራሉ ተብዬ በጣም ጓጉቻለሁ። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ አጎትህ ጥሩ ነገር ነው የሰጡህ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ካርድ ቢሆንም ዛሬም የሚያሳፍር አይደለም፤ አምራቹ ለመውጫው የሰጠው ቁጥር 124 ዴሲቤል ነው። ሦስት ቺፕ ሶኬት ላይ ታገኛለህ፤ ሁለቱ ጄ አር ሲ 2114፣ አንዱ ኤል ኤም 4562። ከላይ መምህሩ እንዲያስገቡ የተመከሩት ቺፕ አንተ ካርድ ላይ ከፋብሪካው ተሰክቶ መጥቷል ማለት ነው።

ሁለቱ 2114 ዲጂታሉን ወደ ድምፅ ከሚቀይረው ቺፕ የሚወጣውን ከረንት ወደ ቮልቴጅ የሚለውጡ ናቸው። እዚያ ቦታ ላይ ከድምፁ ጋር ብዙ ከፍተኛ ድግግሞሽ አብሮ ስለሚመጣ ያገኙትን ቺፕ ሁሉ መሰካት ጥሩ አይደለም። እጅህን ማለማመድ ከፈለግህ ሦስተኛውን ብቻ ቀይር፤ ኦፒኤ 2134 ለመጀመሪያ ጥሩ ነው። ኮምፒውተሩን ከኃይል ነቅለህ፣ የማብሪያ ቁልፉን አንዴ ተጭነህ የቀረውን አስወጣ፤ የኬሱን ብረት ንካና ሥራህን ጀምር። በቺፑ አንድ ጫፍ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ምልክት ከሶኬቱ ምልክት ጋር መግጠም አለባት፤ ተገልብጦ ከገባ ኃይል በበራ ቅጽበት ይቃጠላል። የነቀልከውን ቺፕ በትንሽ ከረጢት አድርገህ ስሙን ጻፍበት።

ልዩነት መኖሩን ለማወቅ ከፈለግህ ሁለቱን በእኩል ድምፅ አወዳድር። የ1000 ኸርዝ ድምፅ አጫውተህ መውጫውን በመልቲሜትር ለካ፤ ሁለቱም ጊዜ ቮልቱ አንድ መሆን አለበት። ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ «የተሻለ» መስሎ ይሰማልና።

ምንም ከመግዛትህ በፊት ግን ሁለት ነገር አረጋግጥ። ካርዱ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣ ባለ አራት እግር የኃይል ገመድ ይፈልጋል፤ ተሰክቷል? በሶፍትዌሩስ ውስጥ የሄድፎን ጉልበት በኦም ሦስት ደረጃ አለው፤ ለሄድፎንህ የሚገባው ተመርጧል? ከኦፕ አምፕ ይበልጥ ድምፁን የሚለውጠው ይህ ምርጫ ነው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ኤን ኢ 5532 ላክልኝ ብሎኛል። ኢንተርኔት ላይ አሥሩ በጣም በርካሽ ይሸጣል። እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ እዚያው ያሉት ዲጂ ኪ ወይም ማውዘር በቀጥታ ከአምራቾች ስለሚገዙ ጥያቄው አይነሳም፤ 5532 እዚያም ውድ ዕቃ አይደለም። ርካሹን ከገዙ ደግሞ ከመላክዎ በፊት ይፈትሹት። እውነተኛው 5532 በሁለቱ መግቢያዎቹ መካከል፣ ማለትም በ2ኛውና በ3ኛው እግር መካከል፣ ተቃራኒ አቅጣጫ የያዙ ሁለት ዳዮዶች አሉት። መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርገው ባዶውን ቺፕ በአንድ በኩል ይለኩ፤ ከዚያ ገመዶቹን አገላብጠው እንደገና ይለኩ። በሁለቱም በኩል 0.6 ወይም 0.7 ቮልት አካባቢ ማንበብ አለበት። በ5ኛውና በ6ኛው እግር መካከልም እንዲሁ። ላዩ ተፍቆ 5532 የሚል ስም የተጻፈበት 4558 ከሆነ ይህንን አያሳይም። ዳዮዱ መኖሩ ብቻውን ቺፑ ጥሩ ነው አያሰኝም፤ አለመኖሩ ግን ሐሰተኛ መሆኑን ያጋልጣል።

ሲልኩም እግሮቹ እንዳይጎብጡና በስታቲክ እንዳይጎዱ በጥቁሩ ስፖንጅ ላይ ሰክተው ይላኩ። ወንድምዎ ሶልደር የሚያደርገው ቦርድ ላይ ያለው ባለ እግሩ ይሁን ተለጣፊው ትንሹ አስቀድመው ይጠይቁት። ሁለቱ አንድ ስም ቢኖራቸውም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ። ሳውንድ ካርዴን ከአምፕሊፋየር ጋር ሳገናኝ «ሁምም» የሚል ድምፅ አለ። ካፓሲተር ልቀይር?

መልስ፦ ገና አይቀይሩ። መጀመሪያ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ወይም ከቴሌቪዥኑ ይንቀሉና ያዳምጡ። ድምፁ ከጠፋ ምክንያቱ ኮምፒውተሩ፣ አምፕሊፋየሩና ዲሹ በተለያየ መንገድ ከግራውንድ ጋር ተገናኝተው የ50 ኸርዝ የመብራቱን ከረንት በድምፅ ገመድዎ ላይ ማሳለፋቸው ነው። ኮምፒውተሩንና አምፕሊፋየሩን አንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ። ካልበቃ በድምፅ ገመዱ መካከል አንድ ለአንድ የሆነ ማግለያ ትራንስፎርመር ያስገቡ። የኮምፒውተሩን ገመድ የግራውንድ እግር ቆርጠው ድምፁን ማጥፋት ግን በፍጹም አይሞክሩ፤ ፓወር ሰፕላዩ ቢበላሽ የኬሱ ብረት 220 ቮልት ይይዛል። ዲሹ ተነቅሎም፣ አምፕሊፋየሩ ከኮምፒውተሩ ተለይቶም ድምፁ ከቀጠለ፣ የደረቁት የአምፕሊፋየሩ ትላልቅ የኃይል ካፓሲተሮች ናቸው፤ ጠጋኝ ጋር ይውሰዱት፤ ካርዱን አይንኩት።